የማይታየው የውሻ አጥር፦ ዳማን ያቆመ፣ ነብሮን ያላቆመ

ከሁለት ዓመት በፊት በግቢዬ ዙሪያ 280 ሜትር ያህል ሽቦ ቀብሬ ለሁለቱ ውሾቼ ኤሌክትሮኒክ የወሰን አጥር ሠራሁ። ዛሬ ከሁለቱ የአንገት ቀበቶዎች አንዱ በየጠዋቱ በዳማ አንገት ላይ ይታሰራል፤ ለነብሮ የገዛሁት ሁለተኛው ግን ባትሪው ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ግቢው አንድ ነው፣ ሽቦው አንድ ነው፣ ሁለቱንም ያሠለጠንኳቸው እኔው ነኝ። ልዩነቱ የመጣው ከውሾቹ ነው። ስለዚህ ይህን ዕቃ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የምጽፈው ግምገማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ውሻው ቢሆን አንባቢ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ።

የገዛሁትን ዕቃ አምራች በስም አልጠቅስም። የወደድኩለትም ሆነ ያዘንኩበት ነገር በአንድ ኩባንያ ምርት ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሁሉ ላይ ያለ ጠባይ ነው።

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በቤት ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ አስተላላፊ ነው፤ ሁለተኛው ከአስተላላፊው ተነሥቶ ግቢውን ዞሮ ወደዚያው የሚመለስ ሽቦ ነው፤ ሦስተኛው በውሻው አንገት ላይ የሚታሰር ተቀባይ ነው። አስተላላፊው በሽቦው ውስጥ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ኪሎኸርትዝ አካባቢ የሆነ ሲግናል ይልካል፤ በዚህም በሽቦው ዙሪያ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ሽቦው ራሱ ማንንም አይነዝርም፤ ሰው ቢረግጠው፣ ልጅም በእጁ ቢይዘው ምንም አይሰማውም። የሚነዝረው ተቀባዩ ነው። ውሻው ወደ ሽቦው ሲቀርብ ተቀባዩ መስኩን ያገኝና መጀመሪያ ጢጥ ጢጥ የሚል የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል፤ ውሻው ካልተመለሰ ደግሞ በሁለት የብረት ጫፎች በኩል በአንገቱ ቆዳ ላይ አጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቃል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ፔክ ለዚህ አሠራር ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ የዛሬዎቹ የሽቦ አጥሮች መሠረታዊ ሐሳብ ያው የእርሱ ነው።

እንግዲህ «አጥር» የሚለው ስም ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። የግንብ አጥር ውሻው ቢፈልግም ባይፈልግም ያግደዋል። ይህኛው ግን ውሻው ራሱን እንዲያግድ የሚያስታውሰው ድምፅ ነው፤ ንዝረቱም ድምፁን ችላ እንዳይል የሚያደርግ ቅጣት ነው። ውሻው ድምፁን ሰምቶ ዘወር ማለትን ካልተማረ፣ ወይም ተምሮም በቁርጡ ሰዓት ጆሮው የሚደፈን ከሆነ፣ በግቢው ዙሪያ የተቀበረው ነገር ሽቦ ብቻ ነው።

ቀበቶውን በውሾቼ አንገት ላይ ከማሰሬ በፊት በራሴ ክንድ ላይ ሞከርኩት፤ ማንም ሰው ይህን ሳያደርግ ዕቃውን መጠቀም የለበትም ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለቱን የብረት ጫፎች ከክንዴ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ተጭኜ ወደ ሽቦው ተራመድኩ። ዝቅተኛው ደረጃ በደረቅ አየር ምንጣፍ ላይ ተራምዶ የበር እጀታ ሲነኩ እንደሚሰማው ያለ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ነበር። መካከለኛው ክንዴን አስበረገገው። ከፍተኛውን ሳልጠብቀው ሲለቀው ቀበቶው ከእጄ ወደቀ። ሕመሙ ወዲያው የሚያልፍ ነው፤ ቁስልም አይተውም፤ ነገር ግን ምንም አይደለም ብሎ ለመናገር ሐቀኛ ሰው አይደፍርም። ሻጮች «ትንሽ መነካካት ነው» ሲሉ ብሰማም፣ ውሻውን የሚመልሰው ደስ የማይል ስሜት መሆኑን በግልጽ መናገር ለገዢውም ለእንስሳውም የተሻለ ነው።

ተከላውን በራሴ ሠርቼ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብኝ። በአካፋ ጠርዝ መሬቱን ሰንጥቄ ሽቦውን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀበርኩት። ሥራው ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። ከአስተላላፊው እስከ ወሰኑ ድረስ ውሻው በነጻነት የሚያልፍበት ቦታ ካለ፣ የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ እርስ በእርስ መጠምዘዝ አለበት፤ የተጠመዘዙ ሽቦዎች ሲግናላቸው እርስ በእርሱ ስለሚሻር ውሻው በላያቸው ላይ ሲያልፍ ቀበቶው ዝም ይላል። በአንጻሩ ሲግናል በሚፈለግበት ቦታ ሁለት የሽቦ መስመሮች ጎን ለጎን ሲሄዱ ቢያንስ 1.5 ሜትር ያህል ካልተራራቁ ያው መሻር ይደርስና ወሰኑ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ጥጎችን በቀጥታ ከማጠፍ ይልቅ ዞር እያደረጉ መዘርጋት ይሻላል፤ በሹል ጥግ ላይ የመስኩ ስፋት ይዛባልና። ጎረቤት ተመሳሳይ ዕቃ ካለው ከእርሱ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ከመሬት በታች የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ወይም የስልክ መስመር ካለም ከእርሱ ጋር አብሮ ከመሄድ ይልቅ አቋርጦት ማለፍ ይገባል። ሽቦው በበር መግቢያ ኮንክሪት ላይ ሲያልፍ በመቁረጫ ማሽን ቀጭን መስመር አስከፍቼ ከቀበርኩ በኋላ በሲሊኮን ደፈንኩት።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ አልደርስ ሲለኝ ሌላ ቀጥዬ በናስትሮ ብቻ ጠቀለልኩት። አራት ወር በሰላም ቆየ። ከአንድ ከባድ ዝናብ በኋላ ግን ሌሊት ላይ አስተላላፊው ማንቂያውን ማሰማት ጀመረ፤ ውሃ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ መዳቡን በልቶት ነበር። የተበጠሰውን ቦታ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ዳማም በዚያ ሁሉ ሰዓት ቤት ውስጥ ዋለች። ለመሬት ውስጥ የሚሠሩ፣ በውስጣቸው ውሃ የማያስገባ ጄል ያለባቸው ማገናኛዎች አሉ፤ ከመጀመሪያው እነርሱን መጠቀም ነበረብኝ። አስተላላፊው የመብረቅ መከላከያ ቢደረግለትም መልካም ነው፤ ረጅም የተቀበረ ሽቦ ከመብረቅ የሚመጣን ኃይል ይስባል። መብራት ሲጠፋ አጥሩም አብሮ እንደሚጠፋ፣ የመጠባበቂያ ባትሪ ያለው አስተላላፊ ካልተገዛ በስተቀር፣ አለመርሳት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ማንም ታታሪ ሰው ይወጣዋል። የዕቃው ዋጋ የሚለካው ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው።

ውሻ የማይታይ ወሰን ስለማያውቅ በመጀመሪያ የሚታይ ነገር ያስፈልገዋል። ከዕቃው ጋር የሚመጡትን ትንንሽ ነጫጭ ባንዲራዎች የማስጠንቀቂያ ድምፁ በሚጀምርበት መስመር ላይ በየ2 እና 3 ሜትሩ መትከል ይገባል፤ መስመሩን ለማግኘት ቀበቶውን በእጅ ይዞ፣ በውሻው አንገት ቁመት ልክ ዝቅ አድርጎ መራመድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንዝረቱ መዘጋት አለበት፤ ድምፅ ብቻ። ውሻው በረጅም ገመድ እንደታሰረ ወደ ባንዲራው ይቀርባል፣ ድምፁ ይሰማል፣ አሠልጣኙ ገመዱን ለስለስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፣ እንደተመለሰም ወዲያው ቁራሽ ሥጋና ምስጋና ይሰጠዋል። ይህ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይበልጥ ይደገማል። ንዝረቱ በዝቅተኛው ደረጃ የሚጀምረው ውሻው ድምፁን ሲሰማ በራሱ መመለስ ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ ከወሰኑ ማዶ የሚያጓጓ ነገር እየቀረበ ይፈተናል፤ ኳስ ይወረወራል፣ የቤተሰብ ሰው ከውጭ ይቆማል። ባንዲራዎቹ የሚነሡት በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት ከሁለት አንዱን እየዘለሉ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ በሁለት ቀን ጨርሶ ውሻውን ይለቃል፤ ከዚያም ዕቃው አይሠራም ብሎ ያማርራል።

ዳማ በአምስተኛው ቀን ገባት። የስድስት ዓመት ልጅ፣ በጠባይዋ ረጋ ያለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስሟ ሲጠራ ሥራዋን ጥላ የምትመጣ ውሻ ናት። በዚያ ቀን በምሥራቁ ጥግ አንዲት እርግብ መሬት ላይ ትለቅም ነበር። ዳማ ዝቅ ብላ፣ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ቀረበች። ድምፁ ጢጥ ሲል የቀኝ ጆሮዋ ብቻ ወደ ኋላ ዞረ። የተነሣው እግሯ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ እርግቧን እያየች፣ ጀርባዋን ሳትሰጥ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተራመደችና ወደ እኔ ዞረች። ገመዱ እጄ ውስጥ ላልቶ ነበር፤ አልነካሁትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ንዝረት የደረሰባት፣ እኔ እስከማውቀው፣ ከአምስት ጊዜ አይበልጥም፤ ሁሉም በሥልጠናው ሳምንታት ነበር። ዛሬ ወሰኑን በቦታው ስለምታውቀው ድምፁን እንኳ የምታሰማው አልፎ አልፎ ነው።

ነብሮ የሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ ጡንቻማ፣ ፈጣን፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ መላ አካሉ ዓይን የሚሆን ውሻ። በሥልጠናው ጊዜ ከዳማ ይልቅ ፈጥኖ ተምሯል ብዬ ተደስቼ ነበር። ድምፁን ሲሰማ እየሮጠ ይመለስ ነበር፣ ሥጋውንም ይቀበል ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንዲት ድመት ከመንገዱ ማዶ ስትሮጥ አያት። ከበረንዳው ተነሥቶ ሲሮጥ ድምፁ መጮኹን እኔ ሰማሁ፤ እርሱ ግን አልሰማም። ወሰኑ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ጮኸና ትከሻውን አራገፈ፤ አልቆመም። ድመቷ ዛፍ ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ከሁሉ ያሳዘነኝ፦ ነብሮ ወደ ቤት መመለስ ፈለገ፣ ባንዲራዎቹ ጋር ሲደርስ ድምፁን ሰማ፣ ቆመ። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከትቶ በወሰኑ ውጭ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ያለቅስ ጀመር። ሄጄ ቀበቶውን ከአንገቱ ፈትቼ ተሸክሜ አስገባሁት።

ይህ ስለ መሣሪያው አሠራር ማወቅ ከሚገባን ነገር ሁሉ ዋነኛው ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ውሻ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። የንዝረቱ ቀጠና በሽቦው ግራና ቀኝ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ቢሰፋ ውሻው ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጠዋል። ድመትን በማሳደድ ላይ ላለ ውሻ ይህ በጣም ርካሽ ዋጋ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ግን የሚያሳድደው ነገር የለም፤ በእግሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ለመውጣት ያልከለከለው ቅጣት ለመግባት ይከለክለዋል። ወጥቶ የሚቀር ውሻ ደግሞ በመኪና የመገጨትና የመጥፋት አደጋ ላይ ነው።

ገጠመኜ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ያነበብኩት ጥናት አሳይቶኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ970 በላይ ውሾችን የተመለከተ ጥናት፣ በኤሌክትሮኒክ አጥር ከሚጠበቁት ውሾች 44 በመቶ ያህሉ አምልጠው እንደሚያውቁ፣ በሚታይ አጥር ከሚጠበቁት ግን ያመለጡት ወደ 23 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አግኝቷል። በዚያው ጥናት ሰውን ወይም ሌላ ውሻን በመንከስ በኩል በአጥሮቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህን ሁለተኛውን ውጤት የምጠቅሰው ዕቃውን ከሚገባው በላይ መወንጀል ስለማልፈልግ ነው።

ቢሆንም ንዝረቱ ከሌላ ነገር ጋር በውሻው አእምሮ ውስጥ ሊያያዝ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ውሻ ስለ ሽቦና ስለ ሲግናል አያውቅም፤ ሕመሙ ሲመጣ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ነው የሚከስሰው። ወደ ጎረቤት ልጅ በደስታ ሲሮጥ በወሰኑ ላይ ከተነዘረ፣ ያሳመመው ልጁ እንደሆነ ሊቆጥር ይችላል። የእንስሳት ጠባይ አጥኚው ሪቻርድ ፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ በዚህ ዓይነት አጥር የሚጠበቁ ውሾች በሰው ላይ ጥቃት ያደረሱባቸውን አምስት ጉዳዮች መርምሯል። አምስት ጉዳይ ስለ ውሾች ሁሉ ለመፍረድ አይበቃም፤ ለመጠንቀቅ ግን ይበቃል። በእኔ ቤት ነብሮ ማንንም አልነከሰም። ነገር ግን ከዚያች ድመት ቀን በኋላ፣ በኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ባትሪው ሲያልቅ ጢጥ ባለ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባ ጀመር። በብስክሌት የሚያልፈውን የጎረቤት ልጅ ደግሞ፣ ቀድሞ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለው የነበረውን፣ ከሩቅ ጠጉሩን አቁሞ ያይ ጀመር። ቀበቶውን ያወጣሁት በዚያው ሳምንት ነው፤ ደረጃውን ከፍ አድርጌ እንድሞክር የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ፣ አልተቀበልኳቸውም፣ ዛሬም አልጸጸትም። ደረጃውን መጨመር ፍርሃቱን ያጠነክረዋል እንጂ ድመት ያየ ጊዜ ጆሮውን አይከፍትለትም።

ከዚህ ልምድ በኋላ አንድ ሰው ሲጠይቀኝ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት የሚያደርገውን አንድ ፈተና እነግረዋለሁ። ውሻዎን በረጅም ገመድ አስረው ከሚወደው ነገር በሃያና በሠላሳ ሜትር ርቀት ላይ ይቁሙ፤ የሚሮጥ ልጅ፣ ሌላ ውሻ፣ ድመት፣ ወፍ፣ እርሱን የሚያነሣሣው ምንም ይሁን። ውሻው ዓይኑን በዚያ ላይ ሲተክል አንድ ጊዜ ብቻ፣ በተለመደ ድምፅ፣ ስሙን ይጥሩት። አንገቱን ወይም ቢያንስ አንድ ጆሮውን ካዞረ፣ በዚያ ሰዓት የሚሰማ ጆሮ አለው ማለት ነው፤ ሥልጠና የሚገነባበት መሠረት አለ። በሦስት የተለያዩ ቀናት ጠርተውት እንዳልጠሩት ከሆነ ግን የቀበቶው ድምፅ ከእርስዎ ድምፅ የተሻለ ዕድል ያገኛል ብለው አይጠብቁ። ነብሮን ቀድሜ በዚህ መንገድ ፈትኜው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰበት ነበር።

ከዚህ ሌላ የውሻው ሁኔታ በግልጽ የሚከለክልባቸው ጊዜያት አሉ። ከስድስት ወር በታች ላለ ቡችላ ይህ ዕቃ አይሆንም፤ ትምህርቱን ሳይረዳ ፍርሃቱን ብቻ ይይዛል። በተፈጥሮው ፈሪ የሆነ፣ በር ሲዘጋ የሚደነግጥ ውሻ አንድ ጊዜ ከተነዘረ በኋላ ጭራሽ ከበረንዳው አልወርድም ሊል ይችላል። በሰው ወይም በሌላ ውሻ ላይ የሚያጠቃ ውሻ በሚታይና ጠንካራ በሆነ አጥር ካልሆነ በምንም ሊጠበቅ አይገባም፤ የሚያልፈው ሰው ወሰኑን አያየውም፣ ውሻውም ቢጥሰው ማንም አይከላከልለትም። ከ4 ኪሎ በታች ለሆኑ ትንንሽ ውሾች ቀበቶው ራሱ ይከብዳቸዋል። የማይሰማ ውሻ ከድምፅ ይልቅ በመርገብገብ የሚያስጠነቅቅ ተቀባይ ያስፈልገዋል። የልብ ሕመም ላለበት፣ ወይም የአንገት ቆዳው በሽታ ላለበት፣ የእንስሳት ሐኪሙን ቃል ሳይሰሙ መጀመር ጥፋት ነው።

ዕቃው ፈጽሞ የማያደርገው ነገርም አለ፦ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። የሌላ ሰው ውሻ፣ የዱር አውሬ፣ ሌባ፣ ውሻውን የሚያስቆጣ ልጅ፣ ሁሉም እንደፈለጉ ይገባሉ፤ ውስጥ ያለው ውሻ ግን መሸሻ የለውም። ዳማን ብቻዋን ግቢ ውስጥ ትቼ ከቤት የማልወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ቤት ስኖር ትወጣለች፣ ስሄድ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውልና ውሻውን በዚህ አጥር አምኖ ሊተው የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ለሽቦ መረብ አጥር ቢያውለው ይሻላል።

የቀበቶው አያያዝ የዕለት ሥራ መሆኑንም ልንገራችሁ፤ ሻጮች ይህን ቶሎ ብለው ያልፉታል። የብረት ጫፎቹ ቆዳ ካልነኩ ንዝረቱ አይደርስም፤ ስለዚህ ቀበቶው ላላ ማለት የለበትም። በጣም ከጠበቀ ግን ጫፎቹ ቆዳውን እየተጫኑ ያቆስሉታል። ልኩ በአንዱ ጫፍና በአንገቱ መካከል አንድ ጣት ማስገባት ሲቻል ነው። ወፍራም ጠጉር ላላቸው ውሾች ረዘም ያሉ ጫፎች ይሸጣሉ፤ ሥሩን ትንሽ መከርከምም ይረዳል። ቀበቶው በቀን ከ12 ሰዓት በላይ መዋል የለበትም፤ ቦታውንም በየጥቂት ሰዓቱ ማዛወር ይገባል። ብዙ ሰው የሚያየው ቁስል የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ከመጫኑ የሚመጣ የግፊት ቁስል ነው። አንገቱንና ጫፎቹን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት፣ መቅላት ከታየም ቆዳው እስኪድን ድረስ ቀበቶውን መተው ግዴታ ነው። የሽርሽር ገመድ በዚህ ቀበቶ ላይ አይታሰርም፤ ገመዱ ሲሳብ ጫፎቹ አንገቱን ይወጉታልና ለሽርሽር ሌላ ቀበቶ ያስፈልጋል። ለሽርሽር ስትወጡም መጀመሪያ ይህን አውልቃችሁ፣ ሁልጊዜ በአንድ በር፣ በአንድ ቃል ውጡ፤ አለዚያ ውሻው ወሰኑ አንዳንዴ እንደሚከፈት ይማራል።

ስለ ሽቦ አልባዎቹ ዓይነቶች በአጭሩ ልናገር። አንደኛው በቤት መሐል ከሚቀመጥ አስተላላፊ ክብ የሆነ ቀጠና የሚያወጣ ነው፤ ቁፋሮ ስለሌለው ለተከራየ ሰው ያመቻል፤ ነገር ግን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ትልልቅ የብረት ዕቃና ተዳፋት መሬት ክቡን ያዛቡታል፣ ግቢም ብዙ ጊዜ ክብ አይደለም። ሁለተኛው በጂፒኤስ የሚሠራው ሲሆን ወሰኑ በስልክ ላይ ይሣላል። ለሰፊ እርሻ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ለትንሽ ግቢ ግን አልመክረውም። ጂፒኤስ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ እንኳ ጥቂት ሜትሮችን ይስታል፤ በዛፍ ሥርና በግድግዳ አጠገብ ስህተቱ ይጨምራል። ወሰኑ ትናንት ከነበረበት ሦስት ሜትር ወዲህ ሲመጣ ውሻው ምንም ሳያጠፋ ይቀጣል፤ ውሻን ከሚያደናግር ነገር ሁሉ ይህ የባሰው ነው። ሽቦ ቢያንስ ከተቀበረበት አይንቀሳቀስም።

ከመግዛት በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ማየትም ያስፈልጋል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ደንብ በንዝረት የሚሠሩ ቀበቶዎችን በውሻና በድመት ላይ መጠቀምን ስትከለክል የወሰን አጥሮችንም ጨምራ ነው፤ በጀርመንና በኦስትሪያም በንዝረት ማሠልጠን የተከለከለ ነው። በሌሎች ብዙ አገሮች ደግሞ ዕቃው ያለ ክልከላ ይሸጣል። ሕጉ ቢፈቅድም የከለከሉት አገሮች ያነሡት ጥያቄ ለእያንዳንዱ ባለቤት የቀረበ ነው፦ ይህን ውሻ ሳያሳምሙ መጠበቅ የሚቻልበት መንገድ አለ ወይ? እኔ ለዳማ የሰጠሁት መልስ፣ የቤቱ ቦታና የግቢው ስፋት ለሌላ አጥር ስላልመቸኝ፣ ለሥልጠና ሳምንታት የደረሰባት ጥቂት ሕመም ዛሬ ካላት የመሮጥ ነጻነት ጋር ሲመዘን ተገቢ ነው የሚል ነው። በዚህ የማይስማማ ሰው ቢኖር አልሟገተውም፤ የከበደ ነገር መሆኑን አውቃለሁ።

ለነብሮ ከቤቱ ጀርባ ሰባት ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ቦታ በሽቦ መረብ አጠርኩለት፤ ቁመቱ 1.8 ሜትር ነው፤ ከሥሩም እንዳይቆፍር ድንጋይ ደርድሬበታለሁ። ጠዋትና ማታ በረጅም ገመድ አብረን እንወጣለን። ከጭስ ጠቋሚው ድምፅ ጋር ለመታረቅ አምስት ወር ፈጀበት፤ ድምፁን በስልኬ ቀድቼ በጣም ዝቅ አድርጌ እያሰማሁት፣ ባሰማሁት ቁጥር ሥጋ እየሰጠሁት ነው የለቀቀው። ዳማ ማታ ስትገባ ቀበቶዋን ፈትቼ ጫፎቹ ያረፉባቸውን ሁለት ቦታዎች በጣቴ ጠጉሩን ገልጬ አያለሁ፤ አንገቷን ዘርግታ ትጠብቀኛለች።

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ በመሳቢያው ውስጥ ያለውን ቀበቶ ለውሻው እንድሰጠው ጠየቀኝ። ቀበቶውን ሳልይዝ ቤቱ ሄድኩና ውሻውን በገመድ ይዘን ዶሮዎች በሚለቅሙበት ሜዳ ዳር ቆምን። ስሙን ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ጊዜ ጠራነው። በሦስቱም ቀን አልዞረም። ቀበቶው አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው።